ለመቺው የተከደነ ሳህን

አቃቂ፣ ጣቢያ ሰፈር
ሰኔ 4 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሙዘይን፣ ጅቡቲ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። አላህ ከዚያ አገር ሙቀትም ከሰው ክፋትም ይሰውርህ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ዝናቡ ዘንድሮ ቸኩሎ ገብቶ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል፤ ያንተ ዝምታ ግን ከጭቃውም ይብሳል። የመጨረሻው ደብዳቤህ እጥፋቱ ላይ እስኪቀደድ ድረስ ደጋግመን አነበብነው። ጣትህ ተሰብሮ ከሆነ ንገረኝና ልዘንልህ፤ ደህና ከሆንክ ግን ጻፍ።

ይህን የምትጽፍልኝ ያው ጎረቤቴ ወርቅውሃ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ስድቡንም ታለዝበዋለች። ደብዳቤው ለስላሳ ከመሰለህ የእሷ ሥራ ነው።

እህትህ ሸምሲያ ደህና ናት። ባሏ ሮብሌም አንተ ትተኸው የሄድከውን የሐዲድ መቀየሪያ ይዞ ጣቢያው ላይ አለ። አማርኛው ግን እንደ ልማዱ ነው፤ እኔን ባየ ቁጥር «አክስቴ መጣ!» ብሎ ይነሣል። ሶማሌ ነው፣ ቀስ ብሎ ይለምዳል ብለን ስንት ዓመት ታገስነው፤ አሁን እኔው ራሴ እንደሱ መናገር ጀምሬያለሁ።

ረመዳን እየመጣ ነው። ጀመዓው እንደ ድሮው እኔ ግቢ ያፈጥራል። ባለሱቁ የመናዊ ሐጂ ሷልህ ሙሸበካቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ስኳሩን ይቀንሱ ብላቸው አይሰሙኝም። ወሎዬው እንድሪስ ከፋብሪካ እንደወጣ በወይራ የታጠነ እርጎውን አንጠልጥሎ ከተፍ ይላል፤ የሚያሰግደንም እሱ ነው። ከብት ነጋዴው ቃበቶ ከአርሲ ጭኮ ያስመጣል። ሸምሲያ ለባሏ ብላ የተማረችውን ሙቅማድ፣ ያን ቅቤ ውስጥ የሰጠመ የሶማሌ ደረቅ ሥጋ፣ ታቀርባለች። እኔ ደግሞ ቆጮዬን። የስልጤ ሴት ቤት ቆጮ ሳይቀርብ ፆም ተፈታ አይባልም።

አንተ የሰቀልከው የሐዲድ ቁራጭ ዛሬም ጣቢያው ጓሮ እንደተንጠለጠለ ነው። መስጊዱ ከወንዙ ማዶ፣ የፋብሪካው ጩኸት ከወዲህ፣ አዛን የሚባል ነገር ጆሯችን ገብቶ አያውቅም። ጀምበር ስትጠልቅ ሮብሌ ሦስት ጊዜ ይመታዋል፣ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ወርቅውሃ እንኳ ክርስቲያኗ «እኔም ወጤን የምጥደው እሱን ሰምቼ ነው ብለሽ ንገሪው» ብላ አሁን ራሷ ጻፈችው።

ደንቡንም አልቀየርነውም። ሐዲዱ ሲመታ ሁላችንም በውሃ እናፈጥራለን፤ ወደ ምግቡ ግን መቺው ከጣቢያ መጥቶ ሳይቀመጥ እጅ አይዘረጋም። ሳህኑ ተከድኖ ይጠብቀዋል። ከሱ ቀጥሎ ያንተ ሳህን አለ፣ እሱም እንደተከደነ። ሐጂ ሷልህ «ለሌለ ሰው ሳህን ማስቀመጥ ምን ይሉታል?» ሲሉኝ «ሲመጣ ያዩታል» እላቸዋለሁ።

የምለምንህ ቴምር ነው። ባቡሩ አንድ ቀን መጥቶ ሌላ ቀን ይቀራል፤ ድልድይ ተመታ ይላሉ። ስለዚህ ሳትውል ሳታድር ላከው።

የምትወድህ አክስትህ ዘምዘም


ጅቡቲ
ሐምሌ 20 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለዘምዘም

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እናት ሆነው ያሳደጉኝ አክስቴ፣ አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ባሕሩ አጠገባችን ሆኖ አየሩ እንደ ዳቦ ምድጃ ነው። ወደብ ላይ ጆንያ እናራግፋለን። አገሩ ነፃ ወጣሁ ብሎ ሲጨፍር ከረመ፤ ለኛ ለመጤዎቹ ግን ወረቀት ወረቀት የሚለው ጥያቄ በዛ።

ቴምሩን አዘጋጅቼ ጣቢያ ድረስ ወሰድኩት። ፉርጎዎቹ ቆመዋል፣ ሐዲዱ ላይ ፍየሎች ተኝተዋል። ባቡሩ መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ አንድም ሰው አጣሁ። ቴምሩ እኔው ዘንድ አለ። ይህን ደብዳቤ የምልከው ወደ አሰብ በሚሻገር ጀልባ ነው፤ ከዚያ የከባድ መኪና ሹፌር ቃሊቲ ሲያልፍ ያደርስልኛል። በዚህ መንገድ ቴምር መላክ ሹፌሩን ማብላት ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ሥራዬን ሳላስፈቅድ ትቼ፣ ፉርጎ ውስጥ ተሸሽጌ እንደወጣሁ ያውቃሉ። ከጣቢያ እኔን የሚጠይቅ ሰው መጥቶ ነበር? ደብዳቤው ላይ የአባቴን ስም አለመጻፍዎ ጥሩ ነው፤ እንደዚያው ይሁን።

ሮብሌም ከጣቢያና ከቤት በቀር ብዙ ባይዞር ይሻላል። እዚህ የሚወራው ወሬ ጥሩ አይደለም። እሱ ክፉ የማያውቅ ሰው ነው፤ ግን ዘመኑ ሰውን በስሙና በመልኩ የሚይዝ ሆኗል።

ሳህኔን ስላላነሡብኝ አላህ ያክብርልኝ። ሁሉንም ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሙዘይን


አቃቂ
ጳጉሜን 2 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለሙዘይን

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነህ ብዬ እንደ ደንቡ ልጠይቅህ አልችልም። ሮብሌን ወስደውታል። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህና አንድ ነገር እለምንሃለሁ።

ረመዳን ሊገባ ሲል የቀበሌያችን ሊቀመንበር አምባው፣ ያ የፋብሪካ መኪና ጠጋኙ፣ ቤቴ መጣ። ቆሞ ነው የተናገረው። «እማማ ዘምዘም፣ ባቡር በሌለበት ሐዲድ ሲመታ ለጠላት ምልክት ይመስላል፣ አይመታ። አዳዲስ ጥበቃዎች መጥተዋል፣ የሰፈራችንን ልማድ አያውቁም። ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ነው» አለ። እውነቱን ነው አልንና ተስማማን። ሮብሌም መዶሻውን አስቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ግን ገበታው ፈረሰ። ክረምት ነው፣ ጀምበር መግባት አለመግባቷን ደመናው አያሳይም። ሐጂ ሷልህ በኪስ ሰዓታቸው ያፈጥራሉ፣ እንድሪስ ሰማይ አንጋጦ «ገና ነው» ይላል፣ ቃበቶ የፋብሪካውን ጡሩምባ ይጠብቃል። አንዱ እየጠጣ ሌላው ተጠምቶ ያያል። እንድሪስ «የሐጂ ሰዓት ከየመን ሲመጣ ባሕር ውስጥ ወድቋል» አለ። እሳቸውም «የወሎ ፆም ኮከብ ቆጠራ ነው» ብለው መለሱ። በቀልድ የተጀመረው በኩርፊያ አለቀና ሁሉም በየቤቱ ማፍጠር ጀመረ። እኔና ሸምሲያና ሮብሌ ብቻ ያን ሁሉ ምንጣፍ ዘርግተን ተቀመጥን። ወላሂ፣ ያን ጊዜ ከረሃቡ ይልቅ ዝምታው ነው የጎዳኝ።

ጁምዓ ዕለት አስታርቄ ሰበሰብኳቸው። ሐጂ ሷልህ «አላህን የሚያስታውስ ድምፅ ማን ይከለክላል? ምታው፣ ሮብሌ» አሉ። እንድሪስ «አንድ ቀን ምን ያመጣል» አለ። ቃበቶም «ቀስ አድርገህ ምታው» አለው። ሮብሌ ሳቀና «ሐዲድ ቀስ ተብላ ይመታል እንዴ?» አለ። ወደ እኔ ዞሮ ዓይኔን አየኝ። እኔም ሂድ አልኩት። እኛው ነን የላክነው፣ ሙዘይን። ሁላችንም።

መታው። ሦስቱንም ሰማን። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ብርጭቆውን ሲያነሣ ደስ አለኝ። ከዚያ ምግቡን ይዘን ጠበቅነው። የሙቅማዱ ቅቤ ረግቶ ነጭ ሆነ። ማንም እጁን አልዘረጋም፤ ደንባችን ነውና።

በሮብሌ ፈንታ ጥበቃዎቹ መጡ። ባቡር በሌለበት ለማን ነው ምልክት የሚሰጠው ይላሉ። አንደኛው በጠመንጃው አፍ የሳህኑን ክዳን ገለበጠና «ይሄ የማን ነው?» አለ። ሐጂ ሷልህ ብድግ ብለው «እኔ ስኳር ላደርስ ነው የመጣሁት» አሉ። እንድሪስ «ዕቃዬን ልወስድ ነው» አለ። ቃበቶ «አማርኛ አልችልም» አለ፤ ያውም ከኔ በተሻለ አማርኛ። ሸምሲያ «ባሌ ነው፣ የባሌ ሳህን ነው» እያለች ስትጮህ እኔም «ልጃችን ነው፣ የመታውም እንድንበላ ነው» አልኩ። የሴት ቃል ማን ይሰማል? ከዚያ ያንተን ሳህን ገልጦ «ይሄኛውስ?» አለኝ። «ሩቅ ያለ ልጅ ነው» አልኩት። ስምህን አልጠራሁም።

አምባው በጎ ሰው ነው፣ እሱም ግን ፈርቷል። በጆሮዬ የነገረኝ ይህ ነው። ሐዲዱን ሮብሌ ራሱ ለጠላት ምልክት ሰቀለው ብለው ጽፈውበታል። ከጦርነቱ በፊት በጣቢያው ሹም ፈቃድ ለማፍጠሪያ እንደተሰቀለ የሚመሰክር የምድር ባቡር ሰው ከተገኘ ነገሩ ይላላል። ሹሙ እንደሞቱ ታውቃለህ። ያስፈቀድከውም የሰቀልከውም አንተ ነህ። አንድ ገጽ ጻፍ። ስምህን ከነአባትህ አድርገህ ፈርምበት። ቴምሩን ተወው፣ ሌላም ነገር አልፈልግም።

አክስትህ ዘምዘም


ጅቡቲ
ጥቅምት 18 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዒድ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሥራ ላይ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ሳነበው አለቃዬ ሰደበኝ። ለሮብሌ ሌት ተቀን ዱዓ አደርጋለሁ። በዚህ ሹፌር እጅ ሹራብና ሳሙና ልኬለታለሁ፤ አቃቂ በዚህ ወር እንደምትበርድ አልረሳሁም።

ስለ ወረቀቱ እያሰብኩበት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በጥንቃቄ ካልተጻፈ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ጠፍቶ የሄደ ሠራተኛ ቃል ማን ያምናል? «ሸሽቶ ጅቡቲ የገባ ወንድም አላቸው» ብለው በእናንተም ላይ ቢነሡስ? ሐጂ ሷልህ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ የሳቸው ምስክርነት ከኔ አይሻልም? እባክዎ አንድ ጊዜ ደግመው ያነጋግሯቸው።

ይልቅ ሌላ ሐሳብ መጥቶልኛል። ሸምሲያ ወደኔ ብትመጣስ? በአሰብ በኩል የሚያሻግሯት ሰዎች አውቃለሁ። ቢያንስ አንዷ ትትረፍልን። ያስቡበትና ይጻፉልኝ።

ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

ልጅዎ ሙዘይን


አቃቂ
ኅዳር 25 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለሙዘይን

ሰላም ላንተ ይሁን። ሹራቡ ደርሷል። ለሮብሌ አስገብተንለታል፣ መልበሱን ግን አላየንም። እሱን ማየት አይፈቀድም። ሸምሲያ በየቀኑ ወደታሰረበት ምግብ ይዛ ትሄዳለች፤ በሩ ላይ ይቀበሏትና ያለፈውን ቀን ሳህን ይመልሱላታል። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ከተመለሰ አለ ማለት ነው። በልቷል እንላለን። ቤት ገብታ ሳህኑን ሳታጥብ በፊት ታገላብጠዋለች፣ የጣቱን ዱካ የምታገኝበት ይመስል። አሁን ኑሯችን ይህ ነው።

ሐጂ ሷልህን ደግመሽ አነጋግሪ አልከኝ። አነጋገርኳቸው። «እኔ የሰው አገር ሰው ነኝ፣ ነገ በአንድ ሻንጣ ያባርሩኛል» ብለው አለቀሱ። እንባቸው እውነት ነው፣ ግን ሮብሌን አያስፈታም። አሁን ሱቃቸው ስገባ ሂሳብ የሚሠሩ ይመስል አንገታቸውን ይደፋሉ። ቃበቶ አርሲ ገብቷል። እንድሪስ ብቻ፣ አላህ ይስጠው፣ በመጨረሻ መጣ። ያመጣችው ማን እንደሆነች ታውቃለህ? ይህችው ወርቅውሃ። መጀመሪያ ራሷ ቀበሌ ሄዳ «እኔ ሐዲዱን ሰምቼ ወጥ የምጥድ ሴት ነኝ፤ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ይመታል፣ በረመዳን ብቻ ነው የሚመታው» አለቻቸው። «አንቺ አብረሽ አልበላሽም፣ ምን አገባሽ?» ብለው መለሷት። ከዚያ በቀጥታ እንድሪስ ቤት ሄዳ «የበላኸው አንተ፣ የምመሰክረው እኔ?» አለችው። በማግሥቱ ከኔ ጋር ሄዶ ቃሉን ሰጠ።

እንግዲህ የቀረው ያንተ ነው። አምባው «የሰቀለው ሰው የት አለ?» ይለኛል። እኔም ዝም እላለሁ። አንተን ልሰውር እላለሁ እንጂ መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ስምህ እንዳይጠራ ያኔ በጠመንጃ ፊት ጠበቅኩልህ፤ አሁን ግን ስምህን ራስህ አምጣው። በኛ ላይ ይነሣሉ ትላለህ። ልጄ፣ ከዚህ በላይ ምን ይነሣብናል? ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ነው ነገሩ።

ሸምሲያ ትምጣ ላልከው ራሷ መልስ ሰጥታለች። «ሳህኑን ማን ያደርስለታል በይው» ብላኛለች።

ዘምዘም


ጅቡቲ
ጥር 28 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለዘምዘም

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎን በኪሴ ይዤ ብዙ ቆየሁ። የዘገየሁት ቃል ጠፍቶኝ አልነበረም። ፈርቼ ነው። እዚህ ወረቀት የሌለውን እየያዙ ወደ ድንበር ይመልሳሉ። እዚያ ደግሞ ስሜ ከነአባቴ ቀበሌ ከገባ፣ የመለሱኝ ቀን ቀጥታ ወደ ሮብሌ ጎን እንደምገባ አውቃለሁ። በየቀኑ ነገ እጽፋለሁ እያልኩ አድራለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ከወደብ ስንወጣ ከየአገሩ የመጣን ጭነት አውራጆች አንድ ትሪ ከበን ተቀመጥን። አንዱ የኤርትራ ልጅ «አገርህ ሳለህ ከማን ጋር ነበር የምትበላው?» አለኝ። ሮብሌ ልለው አፌን ከፍቼ ዋጥኩት። ሐጂ ሷልህ ያደረጉትን እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ጠመንጃ ሳይደቀንብኝ አደረግኩት። እፍረቱ እንቅልፍ ነሳኝ።

ስለዚህ ጽፌዋለሁ። ከዚህ ጋር ተያይዟል። ሐዲዱን ማን እንደሰቀለው፣ ማን እንደፈቀደው፣ ለምን እንደሚመታ፣ ከሮብሌ ጋር በአንድ ገበታ ስንት ረመዳን እንደበላሁ ሁሉ አለበት። ሙዘይን ሸሪፍ ብዬ ፈርሜያለሁ። ለአምባው ይስጡልኝ። ይድረስ እንጂ የመጣው ይምጣ።

ልጅዎ ሙዘይን


አቃቂ
የካቲት 3 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለሙዘይን

ትናንት ሳህኑ ሞልቶ ተመለሰ። በሩ ላይ ያለው ሰው «ከዛሬ ጀምሮ አታምጪ» ብሏታል። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሸምሲያ ምግቡን እንደተሸከመች ከዚያ እስከ ቤት በእግሯ መጣች። እንዲሰጡን ጠየቅን። የሚሰጥ የለም አሉ። ወርቅውሃ ነጭ ጨርቅ ገዝታ መጥታ ነበር፤ የምንከፍነው ሰው አልሰጡንም። እንድሪስ ሬሳው በሌለበት ሰገደበት። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ወረቀቱን ተወው። ከእንግዲህ አያስፈልግም።

ዘምዘም


ጅቡቲ
ሐምሌ 10 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለዘምዘም

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ከረሙ? ከኅዳሩ ደብዳቤዎ ወዲህ አንዲትም ቃል አልደረሰችኝም። አሰብ መንገድ ላይ የቀረ ደብዳቤ ብዙ ነው ይላሉ።

በዚያ ሹፌር የላክሁት ወረቀት የት ደረሰ ብዬ ስጨነቅ፣ ሹፌሩ ራሱ ባለፈው ሳምንት እዚህ ብቅ አለ። አሰብ ላይ ወባ ይዞት ተኝቶ ከርሞ፣ ፖስታውን እንደታሸገ መለሰልኝ። ልገድለው ነበር፤ ግን ሲያዩት እሱም አጥንቱ ቀርቷል። አሁን ጦርነቱ አልቋል፣ ሐዲዱም ተጠግኗል። ባቡሩ ሊጀምር ነው። ስለዚህ ወረቀቱን በመጀመሪያው ባቡር፣ ከአምናው የቴምር ዕዳዬ ጋር እልከዋለሁ። የሚያመጣልዎ የድሮ ጓደኛዬ የፉርጎ ጠባቂው ደበላ ነው፤ እሱ አይጥለውም።

ምናልባት ሮብሌ ተፈቶ ይሆናል። እዚህ ብዙ ሰው ተፈታ እየተባለ ይወራል። ተፈቶ ከሆነ በዚህ ረመዳን ሐዲዱን ሲመታ እኔንም ያስበኝ። የኔን ሳህን በራሱ እጅ ይክደንልኝ። «አክስቴ መጣ» ማለቱን ትቶ እንደሆነም ይጻፉልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ ሙዘይን


አቃቂ
ነሐሴ 5 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለሙዘይን ሸሪፍ

ወዐለይከ ሰላም። ባቡሩ መጣ። ደበላ ቴምሩንም ወረቀቱንም አድርሷል።

የየካቲቱ ደብዳቤዬ እንዳልደረሰህ ከቃልህ ገባኝ። አንድን ሞት ሁለት ጊዜ ልነግርህ ነው። ሮብሌ የለም። በየካቲት መግቢያ ላይ ሳህኑ ሞልቶ ተመለሰ፣ ሬሳውንም አልሰጡንም። «አክስቴ መጣ» የሚለኝ ሰው የለም። እኔ ራሴ አንዳንዴ በሩን ስገባ ለብቻዬ እለዋለሁ።

ወረቀትህን ለአምባው ወሰድኩለት። ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ ኮፍያውን አወለቀና «እማማ፣ ይሄ ኅዳር ላይ ደርሶ ቢሆን...» ብሎ ቀሪውን ዋጠው። ያድነው ነበር ወይስ አያድነውም ነበር፣ አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ ግን እስክሞት «ቢሆን» ከሚለው ቃል ጋር እኖራለሁ፤ አንተም ከሱ ጋር ትኖራለህ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። አምባው ወረቀቱን ሲመልስልኝ «አሁን ባቡሩ ስለጀመረ ሐዲዱን መምታት ትችላላችሁ» አለኝ።

የረመዳን መጀመሪያ ቀን ሁሉም መጡ። ሐጂ ሷልህ ሙሸበካቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፣ እኔ ግቡ እስክል አልገቡም። ቃበቶ ከአርሲ ተመልሷል። እንድሪስ እርጎውን አምጥቷል። ምንጣፉን አነጠፍኩ፣ ሳህኖቹን ደረደርኩ። የሮብሌንም አስቀመጥኩ፣ ከሱ ቀጥሎ ያንተንም፤ ሁለቱም ተከደኑ። ማን ይመታል የሚለውን ማንም መጠየቅ አልደፈረም። ወንዶቹ መሬት መሬት ሲያዩ ሸምሲያ ተነሣች። ሮብሌ ከተወሰደ ወዲህ መዶሻው ከቤቷ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ይዛው ወደ ጣቢያ ወረደች።

ሦስት ጊዜ መታችው። እንደ ሮብሌ አድርጋ ነው የመታችው፣ እሱ ተመልሶ የመጣ ነው የሚመስለው። ውሃችንን ጠጣን። ከዚያ ጠበቅናት፤ ምግቡን ማንም አልነካም።

መጣች። አልተቀመጠችም። ሐጂ ሷልህ ፊት ቆመችና የሮብሌን ሳህን በጣቷ አሳይታ «ሐጂ፣ ይሄ የማን ነው?» አለቻቸው። ያን ቀን ጥበቃው እንዳለው አድርጋ። ሽማግሌው «የሮብሌ ነው» አሉ።

«አብረውት በልተዋል?»

«በልቻለሁ፣ ልጄ። ምታ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

እንድሪስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቃበቶ ማንም ሳይጠይቀው «እኔም በልቻለሁ» አለ። በጥሩ አማርኛ። ሸምሲያ ሁሉንም አየቻቸውና «እንግዲህ ቢስሚላህ በሉና ብሉ» አለች። እሷም ሮብሌ ቦታ ላይ ተቀምጣ ክዳኑን አነሣች።

ከዚያ ያንተን ሳህን አየች። ወደ እኔ ዞረችና «ይሄኛውስ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ያኔ ለጥበቃው ያልኩትን አልኩ። «ሩቅ ያለ ልጅ ነው።»

እሷም ሳህንህን አንሥታ በአጥሩ በኩል ወርቅውሃን ጠራቻት። ወርቅውሃ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች፤ የታመመ ሰው ያለ መስሏት ነበር። ሸምሲያ ከጎኗ፣ አንተ ቦታ ላይ አስቀመጠቻት። «ይሄ የመሰከረ ሰው ቦታ ነው» አለች። ይህን አልጽፍም ብላ ወርቅውሃ አሁን እስክሪብቶውን ጥላብኝ ነበር፤ ጻፊው፣ ሳታለዝቢ ጻፊው ብያታለሁ።

ፍልሰታ ስለያዘች ከሥጋውም ከእርጎውም አልቀመሰችም። ቴምር ግን ትበላለች። ከላክኸው ቴምር ሰጠናት፣ ጥሩ ቴምር ነው ብላለች።

እኔ አልረገምኩህም። ሸምሲያም ክፉ አልተናገረችም። ፈራህ፤ ሁላችንም ፈርተናል። በዱዓዬ ስምህን ከነአባትህ እጠራለሁ። መምጣት የቻልክ ቀን ና፣ በሩ ክፍት ነው። እንደ እንግዳ እንቀበልሃለን፤ ለእንግዳ ሳህን አይጠፋም።

አክስትህ ዘምዘም